ልሂድ ወይስ ልቆይ? ጊዜው ባልረጋበት ወቅት ውጭ ሀገር ሥራ ለሚያስቡ የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ውጭ ሀገር ሄዶ የመሥራት ወሬ ሲነሳ ሁለት ጥያቄዎች ይቀድማሉ። «የት ሀገር ይሻላል?» እና «ስንት ይከፍላሉ?» ሁለቱም ተገቢ ናቸው። ድርጅቶች ሠራተኛ በሚቀንሱበት፣ መንግሥታትም የቪዛ ሕግ ቶሎ ቶሎ በሚቀያይሩበት ወቅት ግን ከሁለቱም የሚቀድም ጥያቄ አለ። እዚያ ከደረስኩ በኋላ ሥራው ቢቋረጥብኝ፣ በማግሥቱ ምን መብት ይኖረኛል?

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በዚህ ጥያቄ ዙሪያ ነው። ቅደም ተከተሉን ጠብቃችሁ ብትሄዱ ይሻላል። ብዙ ገንዘብ የሚባክነው ኋላ መምጣት ያለበት ነገር ሲቀድም ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ሕይወቱ አደጋ ላይ ላለ ሰው መንገዱ ሌላ ነው፤ ጥገኝነት መጠየቅ የራሱ ሕግና አካሄድ አለው። እዚህ የምናወራው ጊዜ ወስዶ ማሰብ ስለሚችል ሰው ነው።

1. ከምን እንደምትሸሹ፣ ወደ ምን እንደምትሄዱ ጻፉ

አንድ ወረቀት ለሁለት ክፈሉ። በአንዱ በኩል ያስመረራችሁን፣ በሌላው በኩል እዚያ የምትፈልጉትን ጻፉ። ከዚያ የምሬቱን ዝርዝር አንድ በአንድ እያያችሁ «መሥሪያ ቤት ብቀይር ይፈታ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። አለቃ ስላስመረረ ብቻ ሀገር መቀየር በጣም ውድ መፍትሔ ነው።

ሁለተኛው ዝርዝር ባዶ ከሆነ ቆም በሉ። «ብቻ ልውጣ እንጂ የትም ይሁን» የሚል ሰው ለደላላ የተመቸ ነው፤ የቀረበለትን ሁሉ ይቀበላል።

ከትዳር ጓደኛ ጋር የሚደረገው ወሬም እዚህ ላይ ይለቅ። ቤተሰብ ይዞ መሄድ ይቻላል ወይ የሚለው በግምት የሚመለስ አይደለም። ለምሳሌ እንግሊዝ ከጥር 2024 ጀምሮ አብዛኞቹ የውጭ ተማሪዎች፣ ከመጋቢት 2024 ጀምሮ ደግሞ በእንክብካቤ ሥራ የሚገቡ አዲስ ሠራተኞች ቤተሰባቸውን ይዘው እንዳይመጡ ከልክላለች። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) «እኔ ልቅደምና በስድስት ወር ትመጣላችሁ» ብሎ ቃል ከመግባት በፊት ይህን ማጣራት ያስፈልጋል።

2. ከሀገሩ በፊት የፈቃዱን ዓይነት ምረጡ

ይህ ክፍል ረዘም ይላል፤ ዋናው ነገር ያለው እዚህ ስለሆነ ነው። ሁለት ሰዎች አንድ ከተማ ውስጥ አንድ ዓይነት ሥራ እየሠሩ፣ አንዱ እንቅልፉን ሲተኛ ሌላው ሊጨነቅ ይችላል። ልዩነቱ የያዙት ፈቃድ ነው።

በጥቅሉ ሦስት ዓይነት አለ። የመጀመሪያው ከአንድ ቀጣሪ ጋር የታሰረ ፈቃድ ነው። አሜሪካ ኤች-ዋን-ቢ በሚባለው የባለሙያ የሥራ ቪዛ የሚሠራ ሰው ሥራው ሲቋረጥ እስከ 60 ቀን ይሰጠዋል። የፈቃዱ ማብቂያ ከዚያ የሚቀርብ ከሆነ ግን ያም ያጥራል። እንግሊዝም ስኪልድ ወርከር በሚባለው የባለሙያ የሥራ ቪዛ ላይ ያለ ሰው ስፖንሰሩን፣ ማለትም ለቪዛው ዋስ የሆነለትን ቀጣሪ፣ ሲያጣ ፈቃዱን በተለምዶ ወደ 60 ቀን ታሳጥራለች። የአውሮፓ ኅብረት ሀገራት ለተማሩ የውጭ ሠራተኞች በሚሰጡት ብሉ ካርድ ሻል ይላል። በ2021 የወጣው የኅብረቱ መመሪያ ካርዱን ከያዘ ሁለት ዓመት ላልሞላው ሰው ሦስት ወር፣ ከዚያ በላይ ለቆየ ደግሞ ስድስት ወር ያለ ሥራ የመቆየት ዕድል ይሰጣል።

60 ቀን ሲሰሙት ብዙ ይመስላል። እስቲ በቀን መቁጠሪያ ላይ እናስቀምጠው። የመጀመሪያው ሳምንት በድንጋጤና ሲቪ በማደስ ያልፋል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ማመልከቻ መላክ ነው። መልስ የሚሰጥ ድርጅት ቢገኝ ሁለት ሦስት ዙር ኢንተርቪው ያደርጋል፤ አንድ ወር ሄደ። ከዚያ አዲሱ ቀጣሪ ስፖንሰር ለመሆን ፈቃደኛ መሆን አለበት፣ ወረቀቱም ማለቅ አለበት። በዚህ መሃል የቤት ኪራይ አይቆምም። ሠራተኛ በብዛት በሚቀነስበት ወቅት ደግሞ ያንኑ ሥራ የሚፈልገው እናንተ ብቻ አትሆኑም።

በዚሁ ዓይነት ውስጥ የባሕረ ሰላጤው ሀገራት የከፋላ ሥርዓት አለ። ቀጣሪው የሠራተኛው ስፖንሰር ነው፤ በብዙ ቦታም ያለ እሱ ፈቃድ ሥራ መቀየር አይቻልም ነበር። ኳታር በ2020 ሥራ ለመቀየር የቀድሞውን አሠሪ ፈቃድ መጠየቅን በሕግ አስቀርታለች፤ ከመጋቢት 2021 ጀምሮም የ1,000 ሪያል ዝቅተኛ ወርኃዊ ደመወዝ ተግባራዊ አድርጋለች። ሕግ መውጣቱና ቤት ውስጥ የምትሠራ ሴት ሕጉን ተጠቅማ መውጣት መቻሏ ግን ለየቅል ነው። ስለዚህ ሕጉን ብቻ ሳይሆን እዚያው የሚሠሩ ሰዎችን ጠይቁ።

ሁለተኛው ሥራ መፈለጊያ ፈቃድ ነው። የጀርመን «ቻንሰንካርተ» ከሰኔ 2024 ጀምሮ ይሰጣል። የሙያ ብቃታችሁ እዚያ ሙሉ እውቅና ካላገኘ በነጥብ ትመዘናላችሁ፤ ቢያንስ 6 ነጥብ ያስፈልጋል። እስከ አንድ ዓመት ቆይቶ ሥራ መፈለግና በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መሥራት ይፈቅዳል። ነፃነቱ ጥሩ ነው፤ ወጪው ግን በእናንተ ጫንቃ ላይ ነው።

ሦስተኛው ከመነሻው ቋሚ ነዋሪ የሚያደርግ ነው። ባለሙያዎችን በነጥብ አወዳድሮ የሚመርጠው የካናዳ ኤክስፕረስ ኤንትሪ የታወቀው ምሳሌ ነው። ሥራ ቢጠፋ መኖሪያ ፈቃዱ አብሮ አይጠፋም። ለማግኘት ረጅም ነው፣ ውድድር አለው፣ ግን ባልረጋ ጊዜ ትልቁን ዋስትና የሚሰጠው ይህ ነው። የእኔን ምርጫ ከጠየቃችሁኝ፣ በቋሚ ነዋሪነት የሚገኝ መካከለኛ ደመወዝ ከአንድ ቀጣሪ ጋር ከታሰረ ጥሩ ደመወዝ ይበልጥብኛል።

ሕጉ ራሱ ምን ያህል እንደሚንሸራተት ደግሞ እዩ። የእንግሊዝ ስኪልድ ወርከር መደበኛ የደመወዝ ወለል እስከ ሚያዝያ 2024 ድረስ 26,200 ፓውንድ ነበር። 38,700 ሆነ። በሐምሌ 2025 ደግሞ 41,700 ገባ። ካናዳ ለ2025 ልትቀበል ያቀደችውን የቋሚ ነዋሪዎች ቁጥር ከ500,000 ወደ 395,000 ቀነሰች፤ በመጋቢት 2025 ደግሞ በኤክስፕረስ ኤንትሪ የሥራ ቅጥር ደብዳቤ ያስገኝ የነበረውን ተጨማሪ ነጥብ ሰረዘች። አሜሪካ በመስከረም 2025 ለአዲስ የኤች-ዋን-ቢ ማመልከቻዎች 100,000 ዶላር ክፍያ ስትጥል ከአዋጁ እስከ ተግባራዊነቱ ሁለት ቀን ብቻ ነበር።

ከዚህ የሚወጣው ምክር ሁለት ነው። አንድ፣ ሕጉን ከዩቲዩብ ሳይሆን ከሀገሩ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ፣ ባመለከታችሁበት ሳምንት አንብቡ። ሁለት፣ ዕቅዳችሁን በአንድ ሀገር ላይ ብቻ አትስቀሉት። ቢያንስ ሁለት የተለያዩ መንገዶች ያዙ፤ የአንዱ በር ሲዘጋ የሰበሰባችሁት ወረቀት ለሌላው የሚያገለግል ይሁን።

3. ሙያችሁ እዚያ ምን ተብሎ እንደሚታይ አጣሩ

ነርስ፣ ሐኪም፣ መምህር፣ ፋርማሲስት፣ ጠበቃ ብዙ ቦታ ያለ ፈቃድ የማይሠሩባቸው ሙያዎች ናቸው። ዲግሪ መያዝ ብቻውን አይበቃም፤ የዚያን ሀገር የሙያ ምክር ቤት ማለፍ የግድ ነው። ፕሮግራመር፣ ምግብ አብሳይ ወይም የሽያጭ ሠራተኛ ላይ ይህ ጫና ቀለል ይላል።

የትምህርት ማስረጃ አቻ ግምትም አለ። ለጀርመን «አናቢን» የሚባለው ነፃ የመረጃ ቋት ላይ ዩኒቨርሲቲያችሁን ፈልጉ። «ኤች ፕላስ» ካለው ተቋሙ እውቅና አለው ማለት ነው። ይህን ለማየት ደቂቃዎች ይበቃሉ፤ ለማንም መክፈል አያስፈልግም።

ወረቀት ስትሰበስቡ ቅደም ተከተሉ ይጠቅማል። ጊዜ የማያልፍበትን አስቀድሙ፤ ዲግሪ፣ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት፣ የልደት ማስረጃ፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤ። የሥራ ልምዱን አሁኑኑ ጠይቁ፤ ድርጅት ሊዘጋ፣ የሚያውቃችሁ አለቃም ሊለቅ ይችላል። ደብዳቤው የሥራ መደቡን፣ የጀመራችሁበትንና የጨረሳችሁበትን ቀን፣ በሳምንት የሠራችሁትን ሰዓት እና ዋና ዋና ተግባራችሁን ይዘርዝር። «መልካም ሠራተኛ ነበሩ» ብቻ የሚል ደብዳቤ ኢሚግሬሽን ላይ ብዙም አይረዳም። ጊዜ የሚያልፍባቸውን፣ ማለትም የቋንቋ ፈተናን፣ የወንጀል ነፃ ማስረጃንና የጤና ምርመራን ለመጨረሻ አቆዩ። አይልትስ የሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና ውጤት የሚያገለግለው ሁለት ዓመት ነው። ለፈተናው መዘጋጀት ግን ዛሬ መጀመር አለበት፤ የቋንቋ ውጤት ከፍ ማለት ብዙ በር ይከፍታል።

ሰነዱ ሌላ ሀገር ተቀባይነት እንዲኖረው መረጋገጥም አለበት። የ1961ዱን የሄግ ስምምነት በፈረሙ ሀገራት መካከል አፖስቲል የሚባል አንድ ማረጋገጫ ይበቃል። ካልፈረሙ ከውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር እስከ ኤምባሲ ያለውን ማኅተም ሁሉ ማዞር ነው፤ ለዚያ ሳምንታት መድቡ። ስማችሁ በፓስፖርቱና በዲግሪው ላይ በተለያየ ፊደል ተጽፎ ከሆነ ደግሞ አሁን አስተካክሉት። የአንዲት ፊደል ልዩነት ወራት ልታስፈጅ ትችላለች።

4. ገንዘቡን በሦስት ክፈሉት

የመጀመሪያው ማመልከቻ ላይ የሚያልቀው ነው። ፈተና፣ ትርጉም፣ አቻ ግምት፣ የቪዛ ክፍያ። ቪዛው ቢከለከልም አብዛኛው አይመለስም፤ ስለዚህ ብትከስሩት የማትንኮታኮቱበት መጠን ይሁን። እንግሊዝ በሥራ ቪዛ ለሚሄድ ሰው የጤና አገልግሎት ክፍያው ብቻ አብዛኛውን ጊዜ በዓመት 1,035 ፓውንድ ነው፤ ለሦስት ዓመት ቪዛ 3,105 ፓውንድ በአንዴ ይከፈላል። ይሄኛው ቪዛ ከተከለከለ ይመለሳል፤ መጀመሪያ ግን በእጅ መኖር አለበት።

ሁለተኛው ደርሳችሁ የመጀመሪያው ደመወዝ እስኪገባ የምትኖሩበት ነው። ቻንሰንካርተ ላይ ጀርመን በ2025 የጠየቀችው በወር 1,091 ዩሮ፣ ለዓመት 13,092 ዩሮ ነበር። እዚያው ጀርመን ቤት ለመከራየት ደግሞ አከራዩ እስከ ሦስት ወር ኪራይ የሚደርስ ማስያዣ በሕግ መጠየቅ ይችላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ይህን ስለማያስብ ነው፤ ደመወዙን እንጂ ከደመወዙ በፊት ያለውን ወር አይቆጥርም።

ሦስተኛው የመመለሻ ገንዘብ ነው። የአውሮፕላን ትኬትና ሀገር ገብታችሁ ሁለት ሦስት ወር የምትቆዩበት። ማንም እንዲያውቀው አያስፈልግም፤ ዘመድ ካወቀ ይበደራችኋል። ይህ ገንዘብ ያለው ሰው ክፉ አሠሪን «በቃኝ» ማለት ይችላል።

ብድር ላይ ጠንከር ማለት እፈልጋለሁ። ቤት አስይዞ ወይም በወለድ ተበድሮ፣ ከቀጣሪ ጋር በታሰረ ቪዛ መሄድ አደገኛ ነው። የዓለም ሥራ ድርጅት የግዳጅ ሥራ ምልክቶች ብሎ ከዘረዘራቸው 11 ነገሮች አንዱ የዕዳ እስራት ነው። ዕዳ ያለበት ሰው ደመወዙ ቢቀነስበትም ይቆያል፣ ቢሰደብም ይቆያል። ካልቀረ ብድሩ በስድስት ወር ደመወዝ ተከፍሎ የሚያልቅ ይሁን፤ ከዚያ ካለፈ ጉዞው ይቆይ ባይ ነኝ።

5. ሥራውን ከሩቅ መፈለግ

ስፖንሰር የማድረግ ፈቃድ ከሌለው ድርጅት ጋር አምስት ዙር ኢንተርቪው ማድረግ ጊዜ ማቃጠል ነው። እንግሊዝ ፈቃድ ያላቸውን ቀጣሪዎች ስም ዝርዝር በመንግሥት ድረ ገጽ ላይ በነፃ ታወጣለች። ከዝርዝሩ በሙያችሁ ያሉትን መርጣችሁ በቀጥታ የየድርጅቱን የሥራ ማስታወቂያ ገጽ ክፈቱ። ለአውሮፓ ደግሞ «ዩሬስ» የሚባለው የኅብረቱ የሥራ ፍለጋ ገጽ አለ። ሊንክድኢን ላይ በሙያችሁ እዚያ የሚሠሩ ሰዎችን ስታገኙ «ሥራ ፈልግልኝ» አትበሉ። «የእናንተ ድርጅት ከውጭ ሰው ይቀጥራል ወይ? ምን ማስረጃ ጠየቋችሁ?» ቢባል መልስ የማግኘት ዕድሉ ይሰፋል።

ሲቪ ላይ የተለመደው ስህተት የሥራ መደብን ብቻ መጻፍ ነው። «በሒሳብ ክፍል ሠርቻለሁ» የሚለው ምንም አይናገርም። «ለ3 ዓመት የ40 ሠራተኞችን ደመወዝ በየወሩ አዘጋጅቻለሁ፤ አሠራሩን ከወረቀት ወደ ኤክሴል አዛውሬያለሁ» ሲባል ግን የማያውቃችሁ ሰው ሥራውን ያየዋል። ቪዛ እንደሚያስፈልጋችሁ አትደብቁ። መጨረሻ ላይ ሲታወቅ ሁለታችሁም ትናደዳላችሁ።

6. የቅጥር ደብዳቤ ሲመጣ መርምሩት

በቴሌግራም እንዲህ ያለ መልእክት መጣ እንበል። «እንኳን ደስ አለዎት! በታዋቂ ሆቴላችን ተመርጠዋል። ኢንተርቪውና የቋንቋ ፈተና አያስፈልግም። መኖሪያና ምግብ በነፃ። ለቪዛ ማስኬጃ በ48 ሰዓት ውስጥ ይክፈሉ።» ከሥሩ ማኅተምና ፊርማ ያለው ፒዲኤፍ ተያይዟል።

መጀመሪያ የላኪውን ኢሜይል እዩ። ትልቅ ሆቴል በጂሜይል አይቀጥርም። ቀጥሎ የሆቴሉን ድረ ገጽ ራሳችሁ ፈልጋችሁ ክፈቱ፤ ደብዳቤው ላይ ያለውን ሊንክ አትንኩ። እዚያ በተጻፈው ስልክ ደውላችሁ «ይህን ደብዳቤ የላካችሁት እናንተ ናችሁ?» በሉ። ሦስተኛ፣ ስፖንሰር ዝርዝር ባለበት ሀገር ስሙ መኖሩን አረጋግጡ። ስሙ ቢኖርም አጭበርባሪ የእውነተኛ ድርጅት ስም ሊዋስ ይችላል፤ ስለዚህ ስልኩ አይቀርም። ማኅተሙ ምንም ማረጋገጫ አይሆንም፤ ማንም ይሠራዋል። «በ48 ሰዓት» የሚለው ደግሞ እንዳታጣሩ ነው።

ክፍያን በተመለከተ መርሁ ግልጽ ነው። የዓለም ሥራ ድርጅት በ1997 ባወጣው ቁጥር 181 ስምምነት የግል ሥራ አገናኝ ኤጀንሲዎች ከሠራተኛው ክፍያ እንዳይወስዱ ደንግጓል፤ ልዩ ሁኔታዎች ቢፈቀዱም እነሱ በግልጽ የተወሰኑ መሆን አለባቸው። ስለዚህ ኤጀንሲው ፈቃድ እንዳለው ከሀገራችሁ የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ጠይቁ፤ ሕጉ የሚያስከፍለው ምን ምን እንደሆነም አብራችሁ ጠይቁ። ደረሰኝ አልሰጥም የሚል ሰው ጋር ወሬው እዚያው ያብቃ።

በተለይ ለወጣቶች ይህን ልጨምር። «ታይላንድ ውስጥ የኮምፒውተርና የደንበኛ አገልግሎት ሥራ፣ ከፍተኛ ደመወዝ» የሚሉ ማስታወቂያዎች ብዙዎችን ድንበር አሻግረው ምያንማር ውስጥ በታጠሩ የኢንተርኔት ማጭበርበሪያ ግቢዎች ጥለዋቸዋል። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ቢሮ በነሐሴ 2023 ባወጣው ሪፖርት በምያንማር ቢያንስ 120,000፣ በካምቦዲያ 100,000 ያህል ሰዎች በዚህ ሁኔታ ተይዘው ሊሆን እንደሚችል ገልጿል። ከተያዙት ውስጥ የተማሩና ቋንቋ የሚችሉ ብዙ ናቸው። በቱሪስት ቪዛ ግባ፣ የሥራ ፈቃዱን እዚያ እንጨርሳለን የሚል ቀጣሪ ካጋጠማችሁ አትሂዱ።

7. ውሉን አንብቡ

በሚገባችሁ ቋንቋ ይሁን፤ ካልሆነ አስተርጉሙት። በተለይ እነዚህን ፈልጉ። የሙከራ ጊዜው ስንት ወር ነው? በዚያ ጊዜ በስንት ቀን ማስጠንቀቂያ ያሰናብታሉ? ለመኖሪያና ለምግብ ከደመወዝ ምን ያህል ይቆረጣል? ትርፍ ሰዓት እንዴት ይከፈላል? ሕመም ቢመጣ ማን ያሳክማል? የመሄጃና የመመለሻ ትኬት በማን ነው?

አንድ አንቀጽ በተለይ ያጠምዳል። «ሠራተኛው ከሦስት ዓመት በፊት ከለቀቀ ለቅጥርና ለሥልጠና የወጣውን ወጪ ይመልሳል» የሚል ዓይነት ነው። ወጪው ስንት እንደሆነ በቁጥር ይጻፍ፤ በየወሩ እየቀነሰ እንዲሄድም ጠይቁ። ቁጥሩን ለመጻፍ እምቢ ካሉ ነገሩ ግልጽ ነው።

የፈረማችሁበትን ኮፒ ለምታምኑት ሰው ላኩ፤ ለራሳችሁም ኢሜይል አድርጉ። ከደረሱ በኋላ ሌላ ውል አምጥቶ «ይህን ፈርም» ማለት የታወቀ ዘዴ ነው። የመጀመሪያው ኮፒ በእጃችሁ ካለ ለኤምባሲም ለፍርድ ቤትም የምታሳዩት ነገር ይኖራችኋል።

8. «እዚህ ላይ አቆማለሁ» የምትሉበትን መስመር ቀድማችሁ አስምሩ

ፍለጋ ሲረዝም ሰው ያወጣውን ገንዘብ እያሰበ መቆም ያቅተዋል። ስለዚህ ሳትጀምሩ ወስኑ። «እስከዚህ ወር ኢንተርቪው ካላገኘሁ አቆማለሁ»፣ «ከዚህ መጠን በላይ አላወጣም»፣ «ደመወዙ ከዚህ በታች ከሆነ አልሄድም»። ጽፋችሁ ለአንድ ደፋር ወዳጅ ስጡት፤ የሚያባብላችሁ ሳይሆን የሚቆጣችሁ ይሁን። እስከዚያው ያላችሁበትን ሥራ አትልቀቁ። ቪዛው ፓስፖርቱ ላይ ሳይመታ የመልቀቂያ ደብዳቤ ማስገባት አያስፈልግም። በ2020 ድንበሮች ሲዘጋጉ ሥራ ለቀው፣ ዕቃ ሸጠው ትኬት ይዘው የቀሩ ሰዎች ነበሩ።

መሄዱ ከተቆረጠ ለምታምኑት ሰው ውክልና ስጡ፤ ግን ውክልናው ለምን ለምን ጉዳይ እንደሆነ በዝርዝር ይጻፍ። «ንብረቴን ሁሉ» የሚል ውክልና ወንድማማች ያጣላል።

ደርሳችሁ በመጀመሪያው ሳምንት የሀገራችሁ ኤምባሲ ተመዝገቡ፤ የግብር ቁጥርና የባንክ ሒሳብ አውጡ። ፓስፖርት በእናንተ እጅ ይሁን። «ለጥንቃቄ እኛ ጋ ይቀመጥ» ካሉ ኮፒውን ስጡ። ቤተሰብ የሚጠብቀውን ገንዘብ ስትልኩ የአገልግሎት ክፍያውን ብቻ ሳይሆን የምንዛሬውን ልዩነት አወዳድሩ። የዓለም ባንክ ክትትል እንደሚያሳየው 200 ዶላር ለመላክ የዓለም አማካይ ወጪ 6 በመቶ ገደማ ነው፤ በባንክ ሲላክ ደግሞ በአብዛኛው ከዚያ ይበልጣል። ለቤተሰብ በየወሩ የምትልኩትንም መጠን ከመጀመሪያው ደመወዝ በፊት ንገሯቸው፤ አንዴ ከፍ ብሎ የጀመረ መላክ በኋላ መቀነስ ጭቅጭቅ ነው።